የምንባብ ፍሬ ነገር እንዴት ይገኛል?

ከኮምቦልቻ ወጣ ባለ ገጠር አንድ ገበሬና ባለቤቱ ይኖራሉ። እሱ በጎልማሶች ትምህርት ማንበብ ከቻለ 2 ዓመት ሆኖታል። እሷ ገና ጀማሪ ናት፤ ፊደል ቆጥራ ወደ ቃላት ተሻግራለች።

አንድ ቀን ገበሬው ከገበያ ሲመለስ ለማሽላው የነቀዝ ክኒን ገዝቶ መጣ። ከክኒኑ ጋር አንድ ወረቀት ተሰጥቶታል። እራት ከተበላ በኋላ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ጮክ ብሎ አነበበ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ነቀዝ በጎተራና በጆንያ የተቀመጠ እህል ይበላል። እህሉ በደንብ ካልደረቀ ነቀዙ ቶሎ ይራባል። ይህ ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ያወጣል። ጋዙም ነቀዙን ይገድላል። ነገር ግን ይኸው ጋዝ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ስለዚህ ሰው በሚያድርበት ወይም ከብት በሚታሰርበት ቤት ውስጥ በክኒኑ መጠቀም ክልክል ነው። ክኒኑን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ከመጠቀማችሁ በፊት የግብርና ባለሙያ አማክሩ።»

ገበሬው በአንድም ቃል ላይ አልተደናቀፈም። ባለቤቱ ደስ አላት።

«ጎበዝ! ታዲያ ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችው።

«ስለ ነቀዝ ነው የሚያወራው።»

«እሱንማ እኔም ሰምቻለሁ። ስለ ነቀዝ ምን ይላል?»

ገበሬው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ክኒኑ ነቀዝ ይገድላል ነው የሚለው» አለ።

«እስቲ ድገመው።»

ደግሞ ማንበብ ጀመረ። «ነገር ግን» ከሚለው ቃል ሲደርስ እጇን አነሣች።

«ቆይ፣ ቆይ! ሰው ይገድላል እኮ ነው የሚለው! ልጆቹ የሚተኙት ጆንያው ሥር አይደለም እንዴ?»

ክኒኑ ገና አልተከፈተም ነበር። ገበሬው በማግሥቱ ጠዋት ይዞት ወደ ልማት ሠራተኛው ሄደ። ልማት ሠራተኛውም፣ «መኖሪያ ቤትህ ውስጥ ነው እህሉን የምታስቀምጠው? እንግዲያውስ ይህን ክኒን ተወው። እህሉን በፀሐይ በደንብ አድርቀህ አየር በማያስገባው ባለ 3 ድርብ ከረጢት አስቀምጠው። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝም አያስፈልግህም» አለው።

የዚህ ክኒን ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በዚያች ሌሊት ክኒኑ ጆንያው ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ማሰብ አያዳግትም።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ገበሬው ፊደሉን ሁሉ አንብቧል። ፍሬ ነገሩን ግን አላገኘውም ነበር። ያገኘችው ጠያቂዋ ናት። ቃላትን መጥራት አንድ ነገር ነው፤ የተጻፈውን መረዳት ግን ሌላ ነው። የዛሬው ትምህርታችንም ስለዚሁ ነው።

፩. ፍሬ ነገር ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ምንባብ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሁሉም ግን እኩል ክብደት የላቸውም። አንዱ ምሰሶ ነው፤ ሌሎቹ ማገርና ጭራሮ ናቸው። ማገሩ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቤቱን የተሸከመው ግን ምሰሶው ነው። ጸሐፊው ከሁሉ ይልቅ እንድንይዝለት የሚፈልገው አሳብ የምንባቡ ፍሬ ነገር ይባላል። ይህን አሳብ የሚያስረዱት፣ የሚያብራሩት፣ ምሳሌ የሚሰጡት ደግሞ ዝርዝር አሳቦች ይባላሉ።

ፍሬ ነገሩን ለማግኘት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ሁለቱንም ያች ሴት ጠይቃቸዋለች።

የመጀመሪያው፦ ምንባቡ የሚያወራው ስለ ምንድን ነው?
ሁለተኛው፦ ስለዚያ ነገር ምን ይላል?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ርዕሰ ጉዳይ ይባላል። በአንድ ወይም በሁለት ቃል ይመለሳል፤ «ስለ ነቀዝ ክኒን» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ያ ገበሬም የቆመው እዚህ ላይ ነበር። ፍሬ ነገሩ ያለው ግን በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው። እሱም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፤ «የነቀዝ ክኒን ሰውም ስለሚገድል ሰውና ከብት በሚያድሩበት ቤት ውስጥ አይደረግም» እንደማለት።

ልብ በሉ! «ስለ ነቀዝ ነው» ብሎ መመለስ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። ግማሽ መልስ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከስሕተት የማይሻልበት ቦታ አለ።

፪. ይህ ጥያቄ ፈተና ላይ ለምን ይመጣል?

በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ብሔራዊ ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። በዚያ ዘመን ተማሪው በማብቂያው የማንበብ፣ የመጻፍና የሒሳብ ፈተና ይቀመጥ ነበር። ያለፈው የምስክር ወረቀት ያገኝና ወደ ድኅረ መሠረተ ትምህርት ይሻገራል። የወደቀው ደግሞ ማጠናከሪያ ይማራል። ድኅረ መሠረተ ትምህርት ያስፈለገበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ያልተሠራበት ማረሻ እንደሚዝግ ሁሉ ያልተሠራበት ንባብም ይጠፋል።

ዘመቻው ዛሬ ታሪክ ሆኗል። ፈተናው ግን አልቀረም። እንዲያውም በዛ። ልጆቻችን 8ኛ ክፍል ሲጨርሱ የክልል ፈተና አለባቸው። 12ኛ ክፍል ሲጨርሱ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ሙያ የተማረው ወጣት የሙያ ብቃት ምዘና ይቀመጣል። መንጃ ፈቃድ የፈለገ ሰው እንኳ በጽሑፍ ይፈተናል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሄዶ ሥራ ለመያዝ የሚያስብ ሰው ከነዚህ አንዱ ሳያጋጥመው አይቀርም።

ፈተናው ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ሰው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም.ም የተገኘው ውጤት ከዚህ ብዙም አልተለየም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እዚህ አንዘረዝርም። ነገር ግን የፈተና ወረቀት ሁሉ የሚነበብ ነገር ነው። የሒሳቡም፣ የታሪኩም፣ የሳይንሱም ጥያቄ የሚመጣው በጽሑፍ ነው። የጥያቄውን ፍሬ ነገር ያልያዘ ተማሪ ዕውቀት እያለው ይወድቃል።

በሕፃናቱም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። በ2002 ዓ.ም. በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ልጆች ላይ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ልጁ አጭር ታሪክ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ይደረጋል። ከዚያ ስላነበበው ነገር ይጠየቃል። መዛኞቹ ያቺ ገበሬ ሴት ያደረገችውን ነው ያደረጉት። «ጎበዝ፣ አነበብክ፤ ታዲያ ምን ይላል?» ማለት ነው።

፫. ፍሬ ነገሩ የት ይቀመጣል?

ፍሬ ነገሩን የያዘው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል። ኃይለ ቃል ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም።

ሀ. መጀመሪያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህን አንቀጽ አንብቡ፦

«ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤታሞች ቢሆኑም በከፍታቸው ምክንያት አየራቸውም አዝመራቸውም ይለያያል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1850 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ደሴ ዙሪያ ብርድ ስለሚበረታ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል። ኮምቦልቻ ዙሪያ ሙቀት ስላለ ጤፍና ማሽላ ይበቅላል።»

ኃይለ ቃሉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። የቀሩት ሁሉ እሱን የሚያስረዱ ናቸው። ኪሎ ሜትሩ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ያሳያል። ሜትሩ ከፍታቸውን ያሳያል። ገብሱና ማሽላው የአዝመራውን ልዩነት ያሳያሉ።

ለ. መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ሊሆን ይችላል።

በነቀዙ ወረቀት ላይ የመጀመሪያዎቹ 4 ዓረፍተ ነገሮች መንደርደሪያ ናቸው። ዋናው ነገር የመጣው ከ«ነገር ግን» በኋላ ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት የመንገድ ምልክት ናቸው። ሾፌር ሐረጎን ሲወርድ የመታጠፊያውን ምልክት አይቶ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ፣ አንባቢም እነዚህን ቃላት ሲያይ ቀስ ማለት አለበት።

«ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ዳሩ ግን» ሲል፦ አሳቡ ሊታጠፍ ነው።
«ስለዚህ»፣ «በዚህ ምክንያት» ሲል፦ መደምደሚያው ሊመጣ ነው።
«ባጭሩ»፣ «በጠቅላላው» ሲል፦ የተባለውን ሁሉ ሊሰበስበው ነው።
«ለምሳሌ» ሲል፦ ዝርዝር ነው፤ ፍሬ ነገሩ ከሱ በፊት አልፏል።

ለምሳሌ ጎረቤታችሁ እንዲህ ብሎ ቢጽፍላችሁ፣ «በቆሎው ዘንድሮ አምሯል። ዝናቡም አልጎደለም። አረሙንም በጊዜ አርመነዋል። ነገር ግን ተምች ከገባበት 3 ቀን ሆኖታል» ቢላችሁ፣ ደብዳቤው የደስታ ደብዳቤ ነው? አይደለም። የድረሱልኝ ደብዳቤ ነው። 3 ደስ የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ፍሬ ነገሩን የያዘው ግን አንዱ የመጨረሻው ነው። ፍሬ ነገር በብዛት አይለካም።

ሐ. ጨርሶ ላይጻፍም ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊው ነገሩን ይነግረንና መደምደሚያውን ለኛ ይተወዋል። ይህን አንብቡ፦

«ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዓመት እኩል ጤፍ አመረቱ። አንደኛው ከአውድማ እንዳነሣው በጥር ወር ገበያ አወጣው። ገበያው በጤፍ ተሞልቶ ስለነበረ በርካሽ ሸጠ። ሐምሌ ሲገባ የቤቱ እህል አለቀና ከገበያ በውድ ገዛ። ሁለተኛው ለአስቸኳይ ወጪው የሚበቃውን ያህል ብቻ በጥር ሸጠ። የቀረውን አድርቆ በደንብ አስቀመጠ። ከሱም ለቤቱ የሚበቃውን አስቀርቶ ትርፉን በሐምሌ በጥሩ ዋጋ ሸጠ።»

እዚህ ምንባብ ውስጥ «እህል ሁሉ በመከር ጊዜ አይሸጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሁለቱን ሰዎች አስተያይታችሁ ግን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። እንዲህ ያለ ምንባብ ሲያጋጥማችሁ፣ «ጸሐፊው ይህን ሁሉ የነገረኝ ምን እንድል ፈልጎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

፬. ምርጫዎቹን እንዴት እንለይ?

በፈተና ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4 ምርጫ ይሰጣል። አንዱ ትክክል ነው። ሦስቱ ትክክል መስለው የተዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ መልኩን አይታችሁ አትምረጡ። ልብስ ስትገዙ እንደምትለኩ ሁሉ ምርጫውንም በምንባቡ ላይ ለኩት።

ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ ያነበብነውን አንቀጽ እንውሰድ። ጥያቄው «የምንባቡ ፍሬ ነገር የትኛው ነው?» የሚል ነው እንበል።

ሀ. ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።
ለ. የኢትዮጵያ የአየር ጠባይ ከቦታ ቦታ ይለያያል።
ሐ. የደሴና የኮምቦልቻ አየርና አዝመራ በከፍታ ልዩነት የተነሣ የተለያየ ነው።
መ. የኮምቦልቻ ገበሬ ከደሴ ዙሪያ ገበሬ የበለጠ ያመርታል።

«ሀ» እውነት ነው። ምንባቡም ውስጥ አለ። ነገር ግን ጠባብ ልብስ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሸፍናል፤ ገብሱንና ማሽላውን ውጭ ይተዋቸዋል።

«ለ»ም እውነት ነው። ነገር ግን ሰፊ ልብስ ነው። ምንባቡ ስለ ሁለት ከተሞች ነው የተናገረው፤ ምርጫው ግን አገሩን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ።

«መ» የሌላ ሰው ልብስ ነው። ምንባቡ ምን እንደሚዘራ እንጂ ማን እንደሚበልጥ አልተናገረም። እናንተ በሕይወታችሁ እንዲህ አይታችሁ ይሆናል፤ አላያችሁም ይሆናል። የተጠየቃችሁት ግን ያያችሁትን አይደለም። ያነበባችሁትን ነው።

«ሐ» ልክ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ይገባል።

ሌላም ዓይነት ስሕተት አለ። እሱም የተገለበጠ ልብስ ነው። የምንባቡን ቃላት በሙሉ ይወስድና አሳቡን ያዞረዋል። «ኮምቦልቻ ከፍ ስለምትል ገብስ ይዘራባታል» ቢባል ቃላቱ ሁሉ ከምንባቡ የተወሰዱ ናቸው። አሳቡ ግን ተገልብጧል። ቃሉን ስላወቃችሁት ብቻ አትመኑት።

እናንተ ጎልማሶች ናችሁ። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋችሁ «የሌላ ሰው ልብስ» ነው። ልጅ የሚሳሳተው ነገሩን ባለማወቅ ነው። ጎልማሳ የሚሳሳተው ግን ብዙ ጊዜ በማወቅ ነው። ስለ እርሻ ሲጠየቅ ወረቀቱን ትቶ ከገዛ ማሳው ይመልሳል። ስለ ጤና ሲጠየቅ ከጎረቤቱ የሰማውን ይመልሳል። ዕውቀታችሁ ሀብታችሁ ነው፤ አትጣሉት። ፈተና ላይ ግን ለጊዜው በር ላይ አቁሙት። ስትወጡ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

፭. ፈተና ላይ ስንቀመጥ ምን እናድርግ?

1ኛ. ጥያቄውን ቀድማችሁ አንብቡ። ምን ፈልጋችሁ እንደምታነቡ ታውቃላችሁ። ጥያቄው ልብሱን ሊለዋውጥ ይችላል። «የምንባቡ ፍሬ ነገር ምንድን ነው?»፣ «ለምንባቡ ተስማሚው ርዕስ የቱ ነው?»፣ «ጸሐፊው በዋናነት ሊያስረዳ የፈለገው ምንድን ነው?» ቢባል ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

2ኛ. ምንባቡን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ አንብቡ። የማታውቁት ቃል ቢያጋጥማችሁ እዚያው አትቀሩ። ምንባቡን ስትጨርሱ ቃሉ ራሱ ሊገለጥላችሁ ይችላል።

3ኛ. ምንባቡ ብዙ አንቀጽ ካለው በእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር ሁለት ሦስት ቃል ጻፉ። «ከፍታ»፣ «ሰብል»፣ «ገበያ» እንደማለት ነው። ከዚያ እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው ክር ምን እንደሆነ ጠይቁ።

4ኛ. ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት መልሱን በገዛ አፋችሁ ተናገሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምን እንደሚገዛ ሳይወስን ገበያ የሚገባ ሰው ነጋዴ ያሳየውን ይገዛል። ወስኖ የሚገባ ግን የፈለገውን ይገዛል።

5ኛ. ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ጠባቡን፣ ሰፊውን፣ የሌላውን፣ የተገለበጠውን ሰርዙ።

6ኛ. የቀረውን መልስ ይዛችሁ ወደ ምንባቡ ተመለሱ። «ይህን የሚደግፍልኝ የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው?» በሉ። ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቦታ ካጣችሁ መልሱ ልክ አይደለም።

ሰዓት ካለፈባችሁ አትደንግጡ። ያልገባችሁን ዝለሉና የሚገባችሁን ሠርታችሁ ተመለሱ።

፮. መልመጃ

የሚከተለውን ምንባብ አንብቡ። ቀጥሎም ትክክለኛውን መልስ ምረጡ።

«ከኮምቦልቻ ሦስት ትልልቅ መንገዶች ይነሣሉ። አንዱ ወደ ደቡብ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ሌላው ሐረጎን ወጥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ሦስተኛው በባቲ አልፎ ወደ ሚሌና ወደ አፋር ምድር ይወስዳል። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ ግመልና ከብት፣ እህልና ጨው ይገናኙባታል። ዕቃ ከዚህም ከዚያም በቀላሉ ስለሚገባባትና ስለሚወጣባት፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኮምቦልቻ ላይ ተሠራ። ደረቅ ወደብም ተቋቋመባት። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት።»

ጥያቄ፦ የምንባቡ ፍሬ ነገር የትኛው ነው?

ሀ. የባቲ የሰኞ ገበያ የታወቀ ነው።
ለ. ኮምቦልቻ የመንገዶች መገናኛ መሆኗ ለኢንዱስትሪ ከተማነት አብቅቷታል።
ሐ. መንገድ ለአገር ዕድገት አስፈላጊ ነው።
መ. የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ለብዙ ወጣቶች ጥሩ ደመወዝ ይከፍላሉ።

ወደ ታች ሳትመለከቱ አስቀድማችሁ መልሱን ወስኑ። ለምን እንደመረጣችሁትም ለጎረቤታችሁ አስረዱ።

መልሱ «ለ» ነው። «ሀ» ጠባብ ነው። ባቲ የተነሣችው በመንገድ ላይ ስላለች ነው፤ ገበያዋ ደስ የሚል ወሬ ስለሆነ ግን ብዙ ሰው እሷን ይመርጣል። ደስ የሚለው ሁሉ ዋና አይደለም። «ሐ» ሰፊ ነው፤ ምንባቡ ስለ ኮምቦልቻ እንጂ ስለ አገር ሁሉ አልተናገረም። «መ» የሌላ ሰው ልብስ ነው፤ ስለ ደመወዝ አንድም ቃል አልተጻፈም።

፯. ከፈተና ውጭ

ፈተና በዓመት አንድ ቀን ነው። ንባብ ግን በየቀኑ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የሄደች ልጃችሁ የሥራ ውል ይዛ ብትመጣ «ስለ ሥራ ነው» ብላችሁ አትፈርሙ። ስለ ሥራው ምን ይላል? ደመወዙ ስንት ነው? ውሉ መቼ ያልቃል? ብትታመም ምን ይሆናል? የብድር ወረቀት ቢሰጣችሁ «ስለ ብድር ነው» ብላችሁ አውራ ጣታችሁን አታሳርፉ። መቼ ይከፈላል? ከነወለዱ ስንት ይሆናል? ያልከፈለ ምን ይጠብቀዋል? ከጤና ጣቢያ ወረቀት ቢመጣ «ስለ ክትባት ነው» ብላችሁ አታጥፉት። ለማን? በየትኛው ቀን?

ድሮ ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ይዞ ጸሐፊ ፍለጋ ደሴ ድረስ ይጓዝ ነበር። ያነበበለት ሰው ያለውን አምኖ ይመለሳል። ዛሬ ወረቀቱ በእጃችሁ ነው፤ ዓይናችሁም በርቷል። የቀረው «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ያች ሴት በዚያች ማታ ወረቀቱን ራሷ ማንበብ አትችልም ነበር። ልጆቿን ያዳነችው ግን እሷ ናት። ጥያቄዋን ያዙ። ነገ እሷም ራሷ ታነባለች።

የቃላት ትርጉም

ምንባብ፦ እንዲነበብ የተሰጠ ጽሑፍ
ርዕሰ ጉዳይ፦ ጽሑፉ የሚያወራለት ነገር
ፍሬ ነገር፦ ጸሐፊው ከሁሉ በላይ እንድንይዘው የፈለገው አሳብ
ኃይለ ቃል፦ ፍሬ ነገሩን የያዘ ዓረፍተ ነገር
ዝርዝር አሳብ፦ ፍሬ ነገሩን የሚያስረዳ ነገር
ማርከሻ፦ መርዝን የሚያከሽፍ መድኃኒት

ለውይይት

1. በነቀዙ ወረቀት ላይ ገበሬው መጀመሪያ የሰጠው መልስ ምን ጎደለው?
2. ፍሬ ነገር በዓረፍተ ነገር ብዛት የማይለካው ለምንድን ነው?
3. በቅርብ ጊዜ ከቀበሌ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ የመጣ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ ፍሬ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከጎረቤታችሁ መልስ ጋር አስተያዩት። ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም ጣታችሁን በወረቀቱ ላይ አሳርፋችሁ አስረዱ።